የጋሽ ጆሮ ፊት

በክር ፋብሪካው የጥጥ ማበጠሪያ አዳራሽ አዲስ ሠራተኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚነገረው የማሽኑ አሠራር አልነበረም። የአንድ ሰው ፊት ነበር። ነባሮቹ አዲሱን ክንዱን ይዘው ወደ ምሰሶው ጥግ ያዞሩትና፣ ግራጫ ቱታ ለብሶ የግራሶ ጣሳ አንጠልጥሎ የሚመላለሰውን ቀጭን ሰው ያሳዩታል። ከዚያ ጆሮው ሥር ገብተው ይጮኹበታል፦ «ያ ሰው ፊቱ ሲከፋ እጅህን ከማሽኑ አውጣ። ለምን ብለህ አትጠይቅ፤ መጀመሪያ አውጣ።»

መጮኹ የግድ ነበር። ጥርስ ያላቸው የብረት ከበሮዎች ጥጡን እየነጩ ሲያበጥሩ፣ ቺንጋዎቹ ሲማቱ፣ ብናኝ መሳቢያው ከጣሪያ ሥር ሲያጓራ፣ የሰው ድምፅ ከአፍ ወጥቶ ከንፈር ላይ ይቀራል። ሠራተኞቹ በእጃቸውና በከንፈራቸው እያወሩ ይውላሉ፤ ቤታቸው ሲገቡ ደግሞ ጨው አቀብሉኝ ለማለት ሰፈሩን ያስደነግጣሉ።

ቀጭኑን ሰው ጋሽ ጆሮ ይሉታል። የመዝገብ ስሙን የሚያውቁት ደመወዝ ከፋይዋና ሚስቱ ብቻ ናቸው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። በወረቀት ላይ ያለው ሥራው ማሽኖቹን ግራሶ መቀባት፣ ኩሽኔታ መለወጥ፣ ቺንጋ ማጥበቅ ነው። እውነተኛ ሥራው ግን መስማት ነበር። ሌላው ሰው አንድ ወፍራም ጩኸት በሚሰማበት አዳራሽ እሱ እያንዳንዱን ማሽን ለየብቻ ያዳምጣል። አንድ ኩሽኔታ ሊሞት ሲል የሚያሰማውን ሲጥታ፣ ማንም ምንም ሳይጠረጥር፣ ከአዳራሹ ማዶ ሆኖ ይለየዋል።

ይህ ነገር አብሮት ያደገ ነው። እናቱ ወፍጮ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር፤ እሱን በዱቄት ጆንያ ላይ አስተኝታ ትፈጫለች። ወፍጮው በደህና ሲዞር ሕፃኑ ይተኛል፤ ድምፁ ሲለወጥ ይነቃና ያለቅሳል። «ልጄ ከተገላበጠ ድንጋዩ መወቀር አለበት ማለት ነው» እያለች ደንበኞቿን ታስቅ ነበር። ቀልድ ይመስላል፤ ግን በእውነትም በሱ ለቅሶ ነበር ድንጋዩን የምታስወቅረው። ወደ ፋብሪካው የገባው በጽዳት ሠራተኛነት ነው። አንድ ቀን መጥረጊያውን ጥሎ ሮጠ፤ ማሽን ላይ ያጎነበሰችን አንዲት ሴት በቀሚሷ ጎትቶ ወለሉ ላይ ጣላት። ሴትዮዋ ተነሥታ በጥፊ ልታጮለው እጇን ስታነሣ የከበሮው ዘንግ ተሰብሮ ቆማ በነበረችበት ቦታ ላይ ወደቀ። በማግሥቱ የግራሶ ጣሳ ተሰጠው። ያቺ ሴት ዛሬም እዚያው አዳራሽ ናት፤ ወጣቶቹ እትዬ ይሏታል።

ከዚያ በኋላ አዳራሹ ቀስ በቀስ የሱን ፊት ማንበብ ተማረ። ይህን ማንም አላዘዘም፤ በየትኛውም የደህንነት መመሪያ ላይ አልተጻፈም። መጥፎ ድምፅ ሲሰማ ቅንድቡ ግንባሩን እየጎተተ ይወርዳል፣ መንጋጋው ይቆለፋል፣ አንገቱ እንደተጠራ ሰው ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ሁሉም ከማሽኑ ራቅ ይላል። እሱ ወደ ማሽኑ ማቆሚያ ሲሮጥ ሰው ሁሉ ዞር ብሎለት ያገኘዋል፤ መንገድ የለቀቁለት በአክብሮት ይመስለው ነበር። ሰው የገዛ ፊቱን አያየውም።

ችግሩ ይህ ጆሮ ከፋብሪካው በር ላይ ተፈትሾ የሚቀር ዕቃ አለመሆኑ ነው። ቤት ድረስ ይከተለዋል። የጎረቤት የውሃ ፓምፕ፣ የፍሪጁ ማንኮራፋት፣ በደንብ ያልተዘጋ ቧንቧ፣ እያንዳንዱ «ና፣ አንድ ነገር ሊሰበር ነው» እያለ ይጠራዋል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ እሱ ሲገባ መኪናዋን ሸፍና ትነሣለች። ሚጡ የሚሏት ትንሽ ልጃቸው ማንኪያዋ ሳህን ሲነካ አባቷ ጠረጴዛውን በጡጫ ይመታል፤ ይጮኻል። ከጮኸ በኋላ ያፍራል፤ ያፈረ ዕለት ደግሞ ይብስበታል።

አንድ ምሽት እጁን ሲታጠብ ሚስቱ ፎጣ ይዛ አጠገቡ ቆመች።

«ስማኝማ። ልጄ በገዛ ቤቷ እንደ ሌባ ነው የምትራመደው።»

«ምን አልኳት ደግሞ?»

«ዛሬ ምንም አላልካትም። ምሳዋን ስትበላ አገኘኋት፤ ሾርባ በጣቷ! ‹ማንኪያው እንዳይጮኽ ነው› አለችኝ። አንተ እኮ ሥራ ላይ ነህ፤ ቤት ውስጥ እንኳ የለህም።»

«ደክሞኝ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም ደክሞኛል። ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ከጮኽክባት እናቴ ቤት ይዣት እሄዳለሁ። ተናድጄ አይደለም የምልህ። እየኝ፣ ድምፄን እንኳ ከፍ አላደረግሁም።»

እውነቷን ነበር። እሱን ክው ያደረገውም ይኸው ነው። እንደዚያ በዝግታ የሚያወራ ማሽን ሲያጋጥመው ምን እንደሚከተል ያውቃል።

ወደ ክሊኒክ የወሰደው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። እሱም የማበጠሪያ ማሽን ሠራተኛ ነው፤ ፉጨት ይሉታል፣ ቀኑን ሙሉ ማንም በማይሰማው አዳራሽ ውስጥ ሲያፏጭ ስለሚውል። አንድ ሰው ብቻ ይሰማዋል። «ሁለተኛዋ ዜማ ላይ ተሳስተሃል» ይለዋል ጋሽ ጆሮ በምሳ ሰዓት፣ ዳቦውን እያኘከ፤ ፉጨትም ይህን ለመስማት ሲል ሆን ብሎ ይሳሳታል። ሁለቱ ዋርሳ ብቻ አልነበሩም፤ ጓደኛሞች ነበሩ።

«ግባ» አለው ፉጨት በክሊኒኩ በር ላይ እየገፋው። «እህቴ ሻንጣ ከምታወርድ አንተ እዚህ ብትገባ ይረክሳል።»

«የእብድ ሐኪም ጋ ገባ ይሉኛል።»

«ይበሉህ! አንተ እንደሆንክ የማትሰማው ነገር የለ።»

አማካሪዋ ወጣት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ በቀር ምንም የለም። ረዥም ጊዜ አዳመጠችው። ከዚያ ስለ ሜዲቴሽን ነገረችው፤ ሐሳብን ለመሰብሰብም አእምሮን ለማሳረፍም እንደሚረዳ፣ ልምምድ እንጂ ተአምር እንዳልሆነ። «ስሙ ከከበደህ መቀመጥ በለው» አለች።

«ወንበር ላይ ቀና ብለህ ተቀመጥ። እግርህ መሬት ይንካ። ትንፋሽህ ሲገባ ዕወቀው፣ ሲወጣ ዕወቀው። ድምፅ ከመጣ አታባርረው፤ አብረኸውም አትሂድ። ‹መጣ› በለው። ቆይተህ ‹ሄደ› ትለዋለህ።»

«አብሬው ካልሄድኩማ ማን ደመወዝ ይሰጠኛል?»

ሳቀች። «ሥራ ላይ ሂድ። ቤት ውስጥ ግን ማንኪያ ተከትለህ የት ልትደርስ?» ከዚያ ፊቱን እያየች ጨመረች፦ «ፊትህንም ልቀቀው። ቅንድብህን፣ መንጋጋህን። ጭንቀትህ ሁሉ እዚያ ነው የታሰረው።»

ይህን የተናገረችው በቅን ልብ ነው፤ ምክሩም ስሕተት አልነበረበትም። ስለ አዳራሹ ግን የነገራት ሰው የለም። ሊነግራት የሚችለው ሰውም ራሱ አያውቅም ነበር።

መጀመሪያ ላይ መቀመጥ ሥቃይ ሆነበት። ዓይኑን ሲጨፍን ዓለም በሙሉ በጆሮው ይገባል፤ ፓምፑ፣ ቧንቧው፣ ከላይ ቤት የሚጎተት ወንበር። ተነሥቶ ይወጣል፤ ተመልሶ ይቀመጣል። ሚስቱ በበሩ ስንጥቅ ታየዋለች፤ ሚጡ ደግሞ «አባዬ ተቀጥቶ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። አንድ ጠዋት ግን የፍሪጁ ሞተር ተነሣ፤ እሱም «መጣ» አለው በልቡ፤ ሞተሩ ሲያጓራ ቆይቶ ቆመ፤ «ሄደ» አለው። ሌላ ምንም አልሆነም። ጋሽ ጆሮን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ድምፅ ሳይጠራው አለፈው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ በአያሌው ቀለለ። ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ማንኪያ ሳህን ነካ፤ በቃ። ሚስቱ አንድ ቀን እሱ ቤት እያለ መስፊያ መኪናዋን ገለጠች፤ እግሯን መርገጫው ላይ አድርጋ አየችው፤ እሱ ጋዜጣውን ገለጠ። ልጅቱ ከክፍል ክፍል እየሮጠች መዝፈን ጀመረች። እንቅልፍ መጣ። ሥራም ላይ ቢሆን አእምሮው ጠራ እንጂ አልደበዘዘም፤ ቀደም ሲል ተደባልቀው ያስቸግሩት የነበሩ ድምፆችን አሁን አንዱን ካንዱ ይለያቸዋል። አማካሪዋ ቃሏን ጠብቃለች።

አዳራሹ ግን ሌላ ነገር ያይ ነበር።

«ጋሽ ጆሮ አማረበት!» ይላሉ ሴቶቹ በምሳ ሰዓት። «ምን ተቀባህ? እኛም እንቀባ!»

«ሙሽራ መስሏል።»

«ሙሽራማ ይፈራል። ይሄ ጡረታ የወጣ ነው የሚመስለው።»

አንድ ቀን የቺንጋ መሰንጠቅ ሰማ። ሄዶ ማሽኑን አቆመ፤ ቀና ሲል የማሽኑ ሠራተኛ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ከንፈሯ ነጥቶ ቆማለች። በከንፈሯ «ምነው ሳትነግረን?» አለችው። እሱ ምኑን እንደሚነግራት አልገባውም። ትከሻውን ሰበቀ። ቺንጋውን ለወጠ። ሴትዮዋ ግን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሙሉ ወደ ማሽኑ አልተጠጋችም፤ ራቅ ብላ በመጥረጊያ እንጨት ጥጡን ስትገፋ ዋለች።

በሳምንቱ እትዬ በውሃው ቧንቧ አጠገብ ያዘችው። በቀሚሷ ጎትቶ ወለሉ ላይ ጥሎ ያዳናት እሷው ናት።

«አንተ ሰው፣ ፊትህ ጠፋብኝ» አለችው።

«እንዴት እትዬ? ይኸው አይደለም እንዴ?»

«ይሄማ የሌላ ሰው ነው። አምሮብሃል፤ አልዋሽህም። ግን በእናትህ፣ ያንን ፊትህን ምን አደረግኸው? እኔ እኮ በሱ ነው የምሠራው።»

«በሱ ስትይ?»

ትክ ብላ አየችው። ጉድ ነው፣ ይህ ሰው አያውቅም። ከዚያ ቆማ ሁሉንም ነገረችው፤ ለአዲስ ሠራተኛ ምን እንደሚባል፣ እሱ ሲሮጥ መንገዱ ለምን ክፍት እንደሚሆን፣ እያንዳንዳቸው ጥጡን በአንድ ዓይን፣ እሱን በሌላው ዓይን እያዩ እንዴት እንደሚውሉ። የቧንቧው ውሃ ከያዘው መጠጫ ሞልቶ በጫማው ላይ ይፈስ ነበር፤ አልዘጋውም። ያ ሁሉ እጅ በሱ ግንባር ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል፤ እሱ ደግሞ ግንባሩን ፈትቶታል።

በቀጥታ ወደ ፎርማኑ ቢሮ ሄደ።

«ደወል ይግባልን።»

ፎርማኑ ከወንበሩ ሳይነሣ ሳቀ። «ደወል? እዚያ አዳራሽ ውስጥ ደወል ማን ሊሰማ? አንተው ልትሰማው ነው!»

«እንግዲያው ቀይ መብራት።»

«እሱ ይሻላል። ለላይ እጽፋለሁ። ግን ምን ሆነህ ነው? ጆሮህ ደከመ እንዴ?»

«ጆሮዬ ደህና ነው። ፊቴ ነው እምቢ ያለኝ።»

ፎርማኑ ሰውየው የሚቀልድ መሰለው፤ ትከሻውን መታ አድርጎ ሸኘው። ክፉ ሰው አልነበረም። ለላይም ጽፏል። መብራቱ ግን ቢመጣም ባይመጣም ያው የሆነ ይመስል በዝግታ ይጠበቅ ጀመር።

ጋሽ ጆሮ እስከዚያው መላ መታ። በፋብሪካው መታጠቢያ ቤት መስተዋት ፊት ቆሞ ቅንድቡን ያወርዳል፣ መንጋጋውን ይነክሳል። መስተዋቱ ውስጥ ያለው ሰው የጥርስ ሕመምተኛ እንጂ ሌላ አይመስልም። ፉጨት ድንገት ገብቶ ደረሰበት።

«ምነው ጋሼ፣ ሆድህን ቆረጠህ?»

ነገሩን ሲሰማ መሬት ላይ እስኪቀመጥ ሳቀ። ከዚያ ከባድ ነገር መሆኑ ገባውና ተነሣ። «እጅህን አንሣ» አለ። «ፊቱን ተወው። እጅህን ካነሣህ እንሸሻለን።» በምሳ ሰዓት ለሁሉም ተነገረ፤ ሁሉም እሺ አሉ፤ እጅ እያነሡ ተሳሳቁ። አንዱ «አስተማሪ ጠየቀኝ እንዴ?» አለ፤ ሌላው «ሽንት መጣብኝ» አለ። እትዬ ብቻ አልሳቀችም። ምክንያቱም ከዚያ በኋላም ቢሆን ዓይኖች ሁሉ ወዴት እንደሚሄዱ ታያለች። የሰው ዓይን በስምምነት አይዞርም።

ሌላም መንገድ ነበር፤ መቀመጡን መተው። ሞክሮታል። ለጥቂት ጠዋቶች ወንበሩን ሳይነካ ወጣ። አዳራሹ ውስጥ ግንባሩ እንደ ድሮው መኮማተር ሲጀምር ሠራተኞቹ እፎይ አሉ። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ቤት ውስጥ የልጅቱ ወንበር ወለሉን ሲፍቅ፣ እሱ ሳያውቀው እጁ ተነሥቶ ከጠረጴዛው በላይ ቆሞ ነበር። ልጅቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። በጣም በቀስታ፣ ምንም ድምፅ እንዳይሰማ በጣቷ ደግፋ። ሚስቱ ወደ መኝታ ቤት ገባች፤ የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈት ሰማ። በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ተቀመጠ። የቁም ሣጥኑ በር ተዘጋ፤ ዳግመኛም እንዲያ አልተከፈተም። እሱም ከዚያ ወዲያ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ እንዳለበት ራሱን መጠየቅ አቆመ። መብራቱ እስኪመጣ ነው ይል ነበር።

የሆነው ከምሳ በኋላ ነው። ሙቀት ነበር፤ ብናኙ በላብ ፊት ላይ ይለጠፋል። ጋሽ ጆሮ ከምሰሶው አጠገብ ቆሞ ሳለ ከወደ መስኮቱ፣ ከፉጨት ማሽን ሥር፣ በብርጭቆ ላይ ሚስማር የሚጎተት የሚመስል ቀጭን ድምፅ ተነሣ። ወዲያው ሰማው። እንዲያውም በዚያን ቀን እንደሰማው ያህል ጥርት ብሎ የሰማው ኩሽኔታ የለም። ድምፁ በመጣበት ቅጽበት በውስጡ አንድ የተረጋጋ ነገር «መጣ» አለ። ትንፋሹ ገባ። ትንፋሹ ወጣ። ከዚያ እጁን አንሥቶ መራመድ ጀመረ።

ሁለት ሠራተኞች እጁን አይተው ወደ ኋላ አሉ። ፉጨት ጎንበስ ብሎ፣ ከበሮው ጥግ ላይ የተጠቀለለ ጥጥ ሊያነሣ ነበር። ቀና ብሎ አየ። ዓመታት እንዳየው አየ። የተነሣ እጅ አየ፤ ከእጁ ሥር ደግሞ በመስኮት ዝናብ የሚመለከት ሰው ፊት አየ። ፈገግ አለለት። ከዚያ እጁን ወደ ውስጥ አስገባ።

ኩሽኔታው ነከሰ፣ ቺንጋው ዘለለ፣ ከበሮው አንድ ጊዜ ወደ ጎን ተወረወረ። ጋሽ ጆሮ ማቆሚያውን የመታው ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ሲቆሙ፣ በአዳራሹ ውስጥ ማንም ሰምቶት የማያውቀው ጸጥታ ወረደ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ የፉጨት ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁሉም ተሰማ። እያፏጨ አልነበረም።

ሐኪሞቹ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አተረፉለት። የቀሩት ሦስቱ የሉም። በሆስፒታሉ አልጋ ላይ፣ መድኃኒቱ ባደከመው አንደበት፣ እንግዳ ተቀባይ ይመስል ጋሽ ጆሮን ለማጽናናት ይሞክር ነበር።

«አንተ ምን ታደርግ ጋሼ። እጅህንማ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላወጣህም?»

ፉጨት ዓይኑን ወደ ጣሪያው መለሰ። «ሰላም ያልከኝ መስሎኝ።»

ሚስቱ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ፊቷ አብጧል። አጠገቧ ሲቀመጥ አልተጠጋችውም፤ አልሸሸችውምም።

«ሰምተኸው ነበር?» አለችው።

«ሰምቼው ነበር።»

«ከመሰበሩ በፊት?»

«ከመሰበሩ በፊት።»

«እና ምን አደረግህ?»

«እጄን አነሣሁ።»

«ከዚያ በፊት ነው የምጠይቅህ።»

መዋሸት ይችል ነበር። «ተነፈስኩ» አላት።

ሚስቱ ዞራ ፊቱን መረመረች፤ የጨርቅ ስፌት የምትመረምር ያህል፣ መስመር በመስመር። ወንድሟን ስትጠብቅ ከቆየችበት ሰዓት ሁሉ ይልቅ ያን ጊዜ ደነገጠች። «እንዲህ ሆነህ ነው እዚህ የተቀመጥከው?» አለች። «አልቅስ እንጂ! ወይ ጩኽ! እኔ እንደሆንኩ አልሄድም፤ ጩኽ!» እሱ ውስጡ እየነደደ ነበር። ፊቱ ግን እሷ የለመነችውን፣ እሱ ስንት ጠዋት የደከመለትን ሰላም ይዞ አልለቅም አለ።

ማበጠሪያው አዳራሽ ሥራ አቆመ። ሠራተኞቹ ግቢው ውስጥ በየጥላው ተቀምጠው አንገባም አሉ። ፎርማኑ ላብ በላብ ሆኖ መጣ፤ መብራቱ ተፈቅዷል፣ ዕቃው ግን በመንገድ ላይ ነው፣ አለ። ከዚያ ጋሽ ጆሮን ወደ ጎን ወስዶ በሹክሹክታ ለመነው፦ «እስኪመጣ ድረስ ያንን ፊትህን መልስላቸው። እነሱ ሌላ አልጠየቁም።» እትዬም ከኋላው ሆና «ግቡ ካልክ የምንገባው እሱን ካየን ነው» አለችው። እምቢ ብሎ ሥራውን ቢለቅስ? ይህንንም አስቦታል። ግን ቢለቅ የሚሰማ አይኖርም፤ ጥጡ ደግሞ ሰው ቢኖርም ባይኖርም ነገ ከነገ ወዲያ መበጠሩ አይቀርም።

ቤቱ ሲገባ በመኝታ ቤቱ መስተዋት ፊት ቆመ። ቅንድቡን በጣቱ ወደ ታች ገፋው፤ ሲለቀው ተመልሶ ወጣ። ሚጡ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች።

«ምን እየሠራህ ነው አባዬ?»

«የድሮ ፊቴን እየፈለግሁ።»

«የትኛውን?»

«ስቆጣ የነበረውን።»

ልጅቱ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ተነሥታ ወንበር ጎትታ፣ ወንበሩ ወለሉን እየፋቀ፣ ፊት ለፊቱ ወጥታ ቆመች። «እንዲያ አይደለም» አለች። «እኔ አውቀዋለሁ።»

በሁለት አውራ ጣቶቿ ቅንድቡን ያዘች። ወደ ታች ብቻ አልገፋችውም፤ ወደ ውስጥ ጭምር፣ አፍንጫው አናት ላይ እስኪጨማደድ። «እዚህ ጋ መሥመር ነበር» አለች፤ መሥመሩን አወጣችው። መንጋጋውን በመዳፏ ጨብጣ «ጥርስህን ግጠም» አለችው፤ ገጠመ። «አይ፣ አፍህ ይቅጠን።» ቀጠነ። «ዓይንህ እኔን አያይም፤ ከኋላዬ ያለ ነገር ነው የሚያየው።» ከኋላዋ አየ። ይህን ሁሉ የምትናገረው የቤት ሥራዋን እንደምታስረዳ ሆና ነው፤ አልፈራችም፣ አልተቻኮለችም፣ አንድም ነገር አልዘነጋችም። ጋሽ ጆሮ ትንንሾቹ ጣቶች በሚያልፉበት ሁሉ አጥንቱ ሲያስታውስ ተሰማው። የጎረቤቱ ፓምፕ ተነሣ፤ ጠራው።

ልጅቱ እጆቿን አነሣች። ሥራዋን ለማየት ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች።

«አዎ» አለች፤ ድምፅዋ ቀንሷል። «ይሄ ነው።»

ከወንበሩ ወረደች። በሩ ላይ፣ መቼ እንደመጣች ያልታወቀች እናቷ ቆማ ነበር፤ ልጅቱ ሄዳ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ገባች። ሚስቱ እጇን በልጅቱ ራስ ላይ አደረገች፤ ከባሏ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

«በቃ አገኘኸው» አለችው። «ነገ ይዘህላቸው ሂድ። አሁን ግን አውልቀው።»

ጋሽ ጆሮ ግንባሩን ለቀቀ። መንጋጋውን ለቀቀ። ትንፋሹ ገባ፤ ትንፋሹ ወጣ፤ የለቀቀ መሰለው። ወደ መስተዋቱ አልዞረም። ወደ ሚስቱና ወደ ልጁ ፊት አየ፤ የሱ ፊት ወልቆ እንደሆነና እንዳልሆነ ከዚያ ሊያነብ፤ አዳራሹ ዕድሜውን ሙሉ ከሱ እንዳነበበው። ልጅቱ ከቀሚሱ ኋላ አልወጣችም፤ ከበሩ አልተንቀሳቀሱም።